ለገጠር የወተት ሥራ የመንግሥት ድጋፍ ማመልከቻ ስለ መጻፍ፤ ለጠያቂዋ እህታችን የተሰጠ መልስ

ሰላም ለእርስዎና ለመላው የቡድኑ አባላት። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ወንድምዎ ፍቼ አካባቢ ከዘጠኝ ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ የወተት ማሰባሰቢያና ማቀዝቀዣ ሊከፍት እንዳሰበ፣ በወረዳው በኩል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ እየተሰበሰበ መሆኑን እንደሰማ፣ እርስዎም ካዛንቺስ ቢሮ ስለሚውሉ ጽሑፉን እንዲያዘጋጁለት እንደጠየቀዎት ገልጸው፣ «ራሴ ልጻፈው ወይስ ፕሮፖዛል ለሚጽፍ ሰው ልክፈል?» ብለዋል። እኔ አምባሳደር አካባቢ በሒሳብ ሙያ የምሠራ ስሆን፣ በእናቴ አገር በሙከ ጡሪ አካባቢ ለሚኖሩ አሥራ አራት ወተት አምራቾች ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አዘጋጅቼላቸው አንዱ ወድቆ አንዱ አልፏል። ስለዚህ የምነግርዎት በዚያ ሥራ ውስጥ ያየሁትን ነው።

ራስዎ ይጻፉት። ጽሑፉን አራት ኪሎ ወይም ሌላ ቦታ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ አስጽፎና አስጠርዞ መውሰድ ተገቢ ነው፤ ይዘቱን ግን ላሞቹን አይቶ ለማያውቅ ሰው አይስጡ። ይህን የምለው ገንዘብዎን እንዲቆጥቡ ብቻ አይደለም። ገምጋሚዎቹ አባላቱን ጠርተው ሲጠይቁ፣ ወንድምዎና ጎረቤቶቹ በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ቁጥር ከየት እንደመጣ ማስረዳት ካልቻሉ፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ዋጋ ያጣል።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ በ2015 ዓ.ም. ያዘጋጀሁት ሙከ ጡሪ አንድ ቀን ብቻ ደርሼ ተመልሼ፣ ቀሪውን ማታ ማታ እዚሁ አዲስ አበባ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። አባላቱ በቀን 160 ሊትር እንደሚያስረክቡ ስለነገሩኝ 160ን በ365 አባዝቼ፣ የዓመቱን ሽያጭ 58,400 ሊትር ብዬ ጻፍሁ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ገምጋሚው ግን ሠንጠረዡን ለአፍታ ተመልክቶ «በሁዳዴ ይህን ወተት ማን ይገዛችኋል?» ብሎ ጠየቀ። እኔም፣ አብረውኝ የነበሩት ሁለት አባላትም መልስ አልነበረንም። ሦስታችንም ጾመኞች ሆነን ሳለ፣ ጾም የሚባል ነገር በዕቅዳችን ውስጥ አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሁለተኛው ዓመት ሥራውን የጀመርሁት ከቡድኑ ሒሳብ ያዥ ደብተር ነው። ተራ የተማሪ ደብተር ሲሆን፣ በየገጹ ላይ የጠዋትና የማታ ወተት በሁለት ዓምድ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ በሦስተኛው ዓምድ ደግሞ «የተመለሰ» የሚል በቀይ የተጻፈ አለ። ያ ቀይ ዓምድ በጥቅምት ባዶ ነው ለማለት ይቻላል፤ በየካቲትና በመጋቢት ግን ገጹን ይሞላዋል። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ የጾም ቀናት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን እንደሚይዙ፣ ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ ግን ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ያን ደብተር ገጽ በገጽ ስደምር ነው።

ስለዚህ ዓመቱን ለሁለት ከፈልነው። በፍስኩ ወራት ወተቱ ጥሬውን ይሸጣል፤ በጾሙ ወራት ደግሞ ተንጦ ቅቤና ዓይብ ይሆናል። በባህላዊ አናናጥ አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት፣ እንደ ወተቱ ስብ መጠን ቢለያይም፣ ሃያ ሊትር ያህል ወተት ስለሚፈልግ፣ በጾም ከ160 ሊትር የሚገኘው ስምንት ኪሎ አካባቢ እንደሆነ አሰላን። ይህም ቅቤ ለፋሲካ ዋዜማ ገበያ እንዲደርስ አቀድን። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ፣ የወተት ሽያጩ ከፍ የሚልበትን ወቅት እዚያ ላይ አሳየን። የገንዘብ ፍሰቱ በየወሩ ከፍና ዝቅ የሚል ሆነ፤ ሁለት ወር ላይ ጭራሽ ኪሳራ ያሳይ ነበር። ያንን ኪሳራ አልሸሸግነውም፤ በምን እንደምንሸፍነው ከሥሩ ጻፍን እንጂ። ግምገማው ዕለት ኮሚቴው ከፕሮፖዛሉ ይልቅ ደብተሩን ሲያገላብጥ ረጅም ጊዜ ወሰደ።

ወንድምዎ እስካሁን እንዲህ ዓይነት መዝገብ ከሌለው፣ ማመልከቻውን ከመጀመርዎ በፊት ዛሬውኑ ደብተር እንዲገዛ ይንገሩት። የሦስት ወር እውነተኛ መዝገብ የሠላሳ ገጽ ጽሑፍ የማይሠራውን ይሠራል። ከዚያ መጀመሪያ ሠንጠረዦቹን ይሥሩ፤ መግቢያውን፣ ዓላማውንና የሚጠበቀውን ውጤት የሚመለከተውን ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ በሠንጠረዡ ውስጥ ካለው ቁጥር ሳይወጡ ይጻፉት። ብዙ ሰው «የአካባቢውን ኅብረተሰብ ተጠቃሚ ያደርጋል» በሚል ዓረፍተ ነገር ይጀምርና ቁጥሩን በኋላ ያንኑ እንዲደግፍ አድርጎ ያበጃጀዋል። ገምጋሚ ይህን ወዲያው ይለየዋል።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የገንዘቡን ዓይነት በወረዳው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያረጋግጡ። ሰው «ድጋፍ» ሲል ብዙ ጊዜ ብድርን ጭምር ይላል። በአዋጅ ቁጥር 995/2009 በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ብድር ነው፤ ይመለሳል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ የሊዝ ፋይናንስም መሣሪያ የሚገኝበት መልካም መንገድ ሆኖ ሳለ፣ ደንበኛው ድርሻውን የሚያዋጣበትና ቀሪውን በየጊዜው የሚከፍልበት አሠራር እንጂ ስጦታ አይደለም። በአንጻሩ እንደ ግብርና ዕድገት ፕሮግራም፣ እንደ እንስሳትና ዓሣ ሀብት ልማት ዘርፍ ፕሮጀክት ያሉት ለተደራጁ አምራቾች ማቺንግ ግራንት፣ ማለትም በአምራቾቹ መዋጮ ላይ የሚጨመር የማይመለስ ገንዘብ፣ ሲሰጡ ቆይተዋል። ብድር ከሆነ ጽሑፍዎ የመመለስ አቅምን ማሳየት አለበት፤ ማቺንግ ግራንት ከሆነ ደግሞ የራስን መዋጮና ድጋፉ ካለቀ በኋላ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል ማሳየት ይኖርበታል።

መዋጮን በተመለከተ፣ የሚጠየቀው ድርሻ ከፕሮግራም ፕሮግራም ስለሚለያይ መመሪያውን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የተወሰነውን በዓይነት፣ ማለትም በድንጋይ፣ በአሸዋ፣ በእንጨትና በጉልበት ማቅረብ ይፈቀዳል። ታዲያ ይህ በቃል አይበቃም፤ ማን ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ዕቃው በአካባቢው ዋጋ ስንት እንደሚያወጣ ተዘርዝሮ፣ አባላቱ በፈረሙበት ቃለ ጉባኤ መደገፍ አለበት። በጥሬ ገንዘብ የሚዋጣው ደግሞ ከማመልከቻው በፊት በቡድኑ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ቢታይ ብርቱ ማስረጃ ነው።

ፕሮፎርማ (አቅራቢው በጽሑፍ የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ በተለይ እንዲጠነቀቁ እለምንዎታለሁ፤ ሁለተኛው ማመልከቻችን ካለፈ በኋላ የተቸገርነው በዚሁ ነው። የማቀዝቀዣ ታንከሩን ፕሮፎርማ ከአዲስ አበባ አቅራቢዎች የሰበሰብነው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ብር ስለተዳከመ፣ የማመልከቻችን ውሳኔ ተሰጥቶ ለግዥ ስንመለስ ያ ዋጋ አልነበረም። የ1,000 ሊትሩን ትተን የ500 ሊትሩን ገዛን። ለቡድኑ ምርት በቂ ነበር፤ ነገር ግን ለውጡን ለማስፈቀድ ተጨማሪ ቃለ ጉባኤና ደብዳቤ እየተጻጻፍን ብዙ ሳምንታት አለፉ። ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ መሣሪያ ሁለት መጠን ያቅርቡ፤ የትኛው ተቀዳሚ፣ የትኛው አማራጭ እንደሆነም አስቀድመው ይግለጹ። መመሪያው ከፈቀደም በበጀቱ ውስጥ የመጠባበቂያ ገንዘብ ያስገቡ። ፕሮፎርማው ዋጋው የሚጸናበትን ቀን፣ የአቅራቢውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ማኅተም የያዘ መሆኑን ይመልከቱ። ዋጋው ከቫት በፊት ነው ወይስ ከቫት ጋር? 15 በመቶ ጉድለት በኋላ ከአባላቱ ኪስ ይወጣል። ማጓጓዣ፣ ተከላና ሥልጠና በዋጋው ውስጥ መኖራቸውንም ይጠይቁ።

የገዢ ደብዳቤም ያስፈልግዎታል፤ እርስዎ መሀል ከተማ መሆንዎ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እኛ ሦስት ደብዳቤዎች ነበሩን። ሁለቱ ፒያሳ ካሉ ካፌዎች ሲሆኑ፣ አንደኛው በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከቦታው ስለተነሣ ደብዳቤው ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀረ። በካዛንቺስም ስንት ቤት እንደተነሣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ገዢዎችዎ በአንድ ሰፈር የተሰበሰቡ አይሁኑ፤ አንዱ የወተት ማቀነባበሪያ ድርጅት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ደብዳቤው በቀን ስንት ሊትር፣ በምን የጥራት መመዘኛ፣ በጾም ወራት ስንት እንደሚቀበል ይግለጽ። «ለመግዛት ፍላጎት አለን» የሚል ብቻ ከሆነ ብዙ አይረዳም።

ወተት ከታለበ በኋላ በፍጥነት ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልወረደ ስለሚበላሽ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉ ሳይጠየቁ አይቀሩም። ጄኔሬተርና ነዳጁን በበጀቱ ውስጥ ያካትቱ።

የቦታ ጉዳይ ሥር የሰደደ ችግር ሊሆን ይችላል። ማሰባሰቢያው በአንዱ አባል ይዞታ ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ቅጂና ከቡድኑ ጋር የተደረገው ውል በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ይቅረብ። ባለይዞታው ባለትዳር ከሆነም ሁለቱም ይፈርሙ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ግንባታ ከተጀመረ በኋላ ጎረቤታሞች ሲካሰሱ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

የቋንቋውን ነገር አይርሱት። ፍቼ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ በመሆኑ የወረዳው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። እርስዎ በአማርኛ አስበው ቢጽፉትም፣ የሚቀርበው ጽሑፍ በአፋን ኦሮሞ እንዲሆን አስቀድመው ይዘጋጁ። ትርጉሙን ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ ቢቻል የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ቢያየው መልካም ነው። የልማት ሠራተኛው የአባላቱን ላሞች ቁጥርና ዝርያ ስለሚያውቅ፣ የወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የጊዜ ሰሌዳውን ሲያወጡ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ ያስቡ። ግንባታን ለሐምሌና ለነሐሴ ያቀደ ማመልከቻ፣ ጸሐፊው ክረምቱን እንደማያውቅ ይናገርበታል። ግንባታው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ተከላው ከፋሲካ በፊት ቢሆን፣ በዓለ ሃምሳ ሲገባ ማቀዝቀዣው ሥራ ላይ ይሆናል።

ማመልከቻውን ሲያስገቡ በሦስት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ያስረክቡ፤ በሁለቱ ላይ ደግሞ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም፣ ቀኑንና የገቢ ቁጥሩን ያስመቱ። አንዱ ከወንድምዎ ጋር ፍቼ ይቀመጥ፤ ሌላው እርስዎ ዘንድ ይሁን። እኛ አንድ ጊዜ ፋይላችሁ አልተገኘም ተብለን፣ ያ የገቢ ቁጥር ባይኖረን ኖሮ እንደ አዲስ አስገቡ እንባል ነበር። ሠንጠረዡን ሠርተው ሲጨርሱ እዚህ ቢያስቀምጡት፣ የጾሙን ወራት ስሌት አብሬዎት በደስታ አየዋለሁ።