ስለ ጂኤምኦ ጠይቁኝ (አዳማና አካባቢዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው የምኖረው፣ መልካሳ አካባቢ የበቆሎ ዘር ብዜት ላይ ብዙ አመት ሰርቻለሁ። ገበያ ውስጥ ያለው ሁሉ ጂኤምኦ ነው እየተባለ የሚወራው ስላናደደኝ ነው ጠይቁኝ ያልኩት። አስቀድሜ ግን፣ ምርጥ ዘርና ጂኤምኦ አንድ አይደሉም!!

የአዳማ እናት፦ ጋሼ ይሄ ቆዳው ወፍራም የሆነው ቲማቲም ጂኤምኦ ነው አይደል? ሳምንት ሙሉ አይበላሽም እኮ።

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ድቅል ነው፣ ሁለት የቲማቲም ዝርያ ተዳቅሎ ጭነት እንዲችል የተመረጠ። ጂኤምኦ ማለት ላብራቶሪ ውስጥ ዘረመሉ የተነካ ነው።

የወንጂው፦ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላልስ?

መልስ፦ አይደለም።

የቦሰቱ ልጅ፦ ጋሼ አባቴ በቆሎ ይዘራል፣ ቢቲ የሚባለው ትል የሚገድል መርዝ ነው ሰውም ይጎዳል ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! ቢቲ አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። እሱ የሚሰራውን ፕሮቲን በቆሎው ራሱ እንዲሰራ ተደርጓል፣ አገዳ ቆርቁር (የበቆሎ አገዳ የሚበሳው ትል) ቅጠሉን ሲበላ ፕሮቲኑ አንጀቱ ላይ ተጣብቆ ይበሳዋል፣ መብላት ያቆምና ይሞታል። የሰው አንጀት ላይ ያ መጣበቂያ የለም፣ እንደ ሌላው ፕሮቲን ይፈጫል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ መጤ ተምች ሲገባ ገበሬው ያለ ጓንት ያለ ማስክ መድሃኒት በጀርባው አዝሎ ሲረጭ አይቻለሁ፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ግን ቢቲ ተዘራ ተብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቆርቁሩ ቢቲውን ለምዶት እየበላው ተገኝቷል፣ ምክንያቱም ገበሬዎቹ ከማሳው ጎን ቢቲ ያልሆነ በቆሎ መዝራት ነበረባቸው፣ ያ ጥግ መድሃኒት ካልተረጨ ከማሳው 5 በመቶ፣ ከተረጨ ደግሞ 20 በመቶ፣ ብዙዎቹ አልዘሩም። ያ ጥግ ላይ የተረፈው ያልለመደ ትል ከለመደው ጋር ስለሚራባ ነው ልማዱ የሚዘገየው። እኛ ጋ ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ይሄን ጥግ ማን ያሳየዋል?

ሰላም፦ የአካባቢ ሳይንቲስቱ ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር እኮ ጂኤምኦ ከአገር አገር ሲሄድ ለሚቆጣጠረው የካርታሄና ስምምነት የአፍሪካን ቡድን መርተው የታገሉት ዘራችን ከእጃችን እንዳይወጣ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የጂኤምኦ ደህንነት አዋጅ ጠንካራ ነበር፣ በ2007 ዓ.ም. አላልተውት 2010 ዓ.ም. ላይ ቢቲ ጥጥ አስገቡ።

የወንጂው፦ ጥጥ ትበያለሽ እንዴ? ረሃብ ባለበት አገር ቴክኖሎጂ መከልከል ምን ይሉታል።

ሰላም፦ የረሃቡ መነሻ ዘር ነው ያለህ ማነው፣ መንገዱስ ገበያውስ

መልስ፦ በቃ ሁለታችሁም። የባለቤትነቱ ጥያቄ ላይ ከሰላም ጋር ነኝ፣ ጋሽ ተወልደም ትልቅ ሰው ነበሩ። ግን አታምታቱት። መልካሳ የተሞከረው ቴላ የሚባለው ቢቲ ያለበት በቆሎ የሮያሊቲ ክፍያ (ለዘረመሉ ባለቤት የሚከፈል) የለበትም፣ ሆኖም ድቅል ስለሆነ በየአመቱ መግዛት አለ። የሚያስገዛህ ድቅልነቱ ነው፣ የተጨመረው ዘረመል አይደለም።

ኪያ፦ ጂኤምኦ ጥሩ ነው መጥፎ?

መልስ፦ የትኛው ሰብል? ምን የተጨመረበት? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ማሚ፦ ካንሰር ያመጣል?

መልስ፦ የአለም ጤና ድርጅት ገበያ ላይ ያሉት ተመርምረው ያለፉ ናቸው፣ ጉዳት ያመጣሉ ተብሎ አይጠበቅም ይላል። ከዚህ በላይ ሀኪም ጠይቂ።

አቢ፦ ቲማቲሙ ግን ጂኤምኦ ነው አይደል

መልስ፦ ከላይ አንብብ!! ድ ቅ ል።

የቦሰቱ ልጅ፦ ጋሼ ይቅርታ የመጨረሻ፣ አባቴ አምና ከገዛው ዘር አስቀርቶ ዘንድሮ ቢዘራ አንዱ ረጅም አንዱ ድንክ ሆነበት፣ ጂኤምኦ ሆኖ ነው?

መልስ፦ ድቅል ሆኖ ነው ልጄ። የድቅል ልጅ ይበታተናል፣ ምርቱም ይወርዳል። ዘር ማስቀረት ከፈለገ መልካሳ-2 የሚባለውን የበቆሎ ዝርያ ይዝራ፣ እሱ ድቅል አይደለም። ሲያስቀር ከማሳው ዳር ሳይሆን ከመሀል ይምረጥ፣ በቆሎ በንፋስ ነው የሚዳቀለው፣ ዳሩን የጎረቤት አበባ ይደርስበታል። ዘሩ ሲገዛም ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሁፍ አንተ አንብብለት።