ቀን ኤክሴል፣ ማታ ጌም፦ የቱ ሞኒተር ይሻላል?

ወንድሜ፣ ምርጫህ ሦስት ነው፦ ባለ 27 ኢንቹ ከርቭድ (ጎበጥ ያለ) 165 ሄርዝ (በሰከንድ 165 ጊዜ ምስል የሚቀይር)፣ ባለ 24ቱ ጠፍጣፋ 100 ሄርዝ፣ ያገለገለው ዴል ፒ2419ኤች። ቀን ኤክሴልና ወርድ፣ ማታ ፊፋና ካውንተር ስትራይክ ብለሃል። ባለ 24ቱን ውሰድ። የምልህ ለጌሙ ብዬ ሳይሆን ለጽሑፉ ነው።

ሦስቱም 1920 በ1080 ናቸው። ያው ፒክስል 24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች 92 ያህል ይደርሳል፣ 27 ላይ ሲዘረጋ ግን ወደ 82 ይወርዳል። ጌም ላይ ብዙም አይታወቅህም፤ የአማርኛ ደብዳቤ ስትጽፍ ግን ታየዋለህ። «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ያቺ ትንሽ ቅጥያ ናትና ፊደሉ ሲያንስ ትደበዝዛለች። 27 ኢንች የሚያምረው 2560 በ1440 ሲሆን ነው፤ እሱ ደግሞ ዋጋውም ይጨምራል፣ ግራፊክስ ካርዱም 1.8 እጥፍ ያህል ፒክስል መሳል አለበት።

ከርቭዱ ቪኤ ፓነል ነው፤ ቪኤና አይፒኤስ ሁለት የስክሪን ዓይነቶች ናቸው። ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ንፅፅሩ ብዙውን ጊዜ 3000 ለ1 አካባቢ ሲሆን የአይፒኤስ 1000 ለ1 ገደማ ነው። መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ሰው ቪኤ ይሻላል። ችግሩ ርካሽ ቪኤ ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲቀየር ይዘገያል፤ ጨለማ ቦታ ላይ የሚሮጥ ነገር ከኋላው ጥላ ይጎትታል። ካርቶኑ ላይ ያለው «1 ሚሊሰከንድ» አያታልልህ፤ ብዙ ጊዜ የኋላ መብራቱን ብልጭ ድርግም በማድረግ የተገኘ ልኬት ነው፣ ይህ ቅንብር ሲበራም ስክሪኑ ይፈዛል። ኦቨርድራይቭንም (ፒክስሉ ቶሎ እንዲቀየር የሚገፋውን የሞኒተሩን ቅንብር) መጨረሻ ላይ አታድርገው፣ በጥቁሩ ጥላ ፋንታ ነጭ ጥላ ያመጣል። መካከለኛው ይበቃል።

ስለ ሄርዝ፦ በ60 አንድ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ በ100 ደግሞ 10፣ በ165 ወደ 6። ከ60 ወደ 100 ስትሄድ 6.7 ሚሊሰከንድ ታተርፋለህ፣ ከዚያ በላይ ያለው 4 ብቻ ነው። ያውም ኮምፒውተርህ በሰከንድ ያን ያህል ፍሬም (ምስል) ካወጣ! ግራፊክስህ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ደካማው የኢንቴል ዩኤችዲ ከሆነ ለ165 የምትከፍለው ብር ባክኖ ይቀራል።

ዴሉ 60 ሄርዝ ቢሆንም አይፒኤስ ነው፤ መቆሚያው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ይሽከረከራል። ርካሽ አዲስ ሞኒተሮች በአብዛኛው ወደፊትና ወደኋላ ከማዘንበል በቀር አይንቀሳቀሱም፤ ስምንት ሰዓት ለሚቀመጥ አንገት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፊፋ ብቻ ብትል ኖሮ እሱን እመርጥልህ ነበር። ከገዛኸው ግን ሻጩ ቪጂኤ (የድሮውን የምስል ገመድ) ሰክቶ ስላሳየህ አትርካ፣ ኤችዲኤምአዩንም ዲስፕሌይፖርቱንም አስሞክር። 20 ደቂቃ ይብራ፤ ከዚያ ሙሉ ነጭ አድርገህ ጠርዙ ቢጫ መሆኑን፣ ሙሉ ጥቁር አድርገህ የሚያበራ ነጥብ መኖሩን እይ።

ባለ 24ቱን ቤት ወስደህ ስትሰካ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ይተወዋል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብተህ 100 አድርገው። 100 ካልመጣልህ መጀመሪያ ገመዱን ወይም አዳፕተሩን ጠርጥር። ቀለሙ አመድ ከለበሰ ደግሞ ፓነሉ ተበላሸ አትበል፤ ብዙ ጊዜ ካርዱ በኤችዲኤምአይ ጠበብ ያለውን የቴሌቪዥን ቀለም ክልል እየላከ ነው። ኤንቪዲያ ካለህ ኮንትሮል ፓነሉ ውስጥ አውትፑት ዳይናሚክ ሬንጅን «ፉል» አድርገው።