ዛፉን አስቀድሙ፣ ላሟን አስቆዩ፤ በጡረታ ዘመን ትንሽ እርሻ ስለ መጀመር ጥያቄና መልስ

ለ31 ዓመታት በወረዳ ደረጃ የሰብል ልማት ባለሙያ ሆኜ ከሠራሁ በኋላ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ፤ በዚያው ዓመት ባለቤቴ ከሆለታ ወጣ ብሎ ከአባቷ በወረሰችው 3 ጥማድ መሬት ላይ ሥራ ጀመርን። መጪው ክረምት ስምንተኛችን ነው። በዕድሜ ገፋ ብለው እርሻ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች በተደጋጋሚ ስለሚጠይቁኝ፣ የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ አንድ በአንድ ለመመለስ ወስኛለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአዳማ መምህር ነኝ፤ 58 ዓመቴ ነው። ጡረታ ስወጣ በእናቴ መሬት ላይ ጓሮ አልምቼ፣ አንድ ሁለት ላም ይዤ ለመኖር እመኛለሁ። ልጆቼ ግን ጊዜው አልፏል ይሉኛል። በእርግጥ አልፏል?

መልስ፦ አላለፈም፤ ነገር ግን በእኛ ዕድሜ የሚጀምር ሰው የሥራውን ቅደም ተከተል ከወጣት ገበሬ የተለየ ማድረግ ይኖርበታል። አብዛኛው ሰው ጡረታ በወጣ ማግስት ላም ይገዛል፤ ዛፍን ግን «እስኪደርስ ማን ይኖራል» ብሎ ይተወዋል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ላም በፈለጉት ዓመት ተገዝታ ልትገባ ትችላለች፤ ችግኝ ሳይተከል ያለፈ ክረምት ግን ተመልሶ አይመጣም። የተዳቀለ (ቅርንጫፉ በሌላ ግንድ ላይ የተጣበቀ) የአቮካዶ ችግኝ በሚስማማው ቦታ ከ3 እስከ 4 ዓመት ውስጥ ማፍራት ይጀምራል፤ ቡናም እንደዚሁ ነው። ጌሾ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ቅጠሉ ይለቀማል፤ ብዙ ጉልበትም አይጠይቅም። ስለዚህ የእናትዎን መሬት በክረምት አይተው የሚያውቁት ከሆነ፣ ጡረታዎን ሳይጠብቁ በዘንድሮው ክረምት ቢተክሉ፣ በ62 ዓመትዎ ከራስዎ ዛፍ ፍሬ ይቆርጣሉ ማለት ነው። የምትታለብ ላም በየቀኑ ጠዋትና ማታ ባለቤቷን ትፈልጋለች፤ እርስዎ ለቅሶ ደርሰው አንድ ሌሊት ቢያድሩ የሚያልባት ሰው ከሌለ ጡቷ ሊታመም ይችላል። አብሮዎት የሚኖር የታመነ ረዳት እስኪያገኙ ድረስ ላሟ ትቆይ።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ እኖራለሁ፤ ጡረታ ስወጣ ወደ አገሬ ለመግባት አስቤአለሁ። አንድ ዘመድ በሸዋ አንድ ሄክታር የገበሬ መሬት በቅናሽ ዋጋ እንደተገኘልኝ ነግሮኛል። ገንዘቡን ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ፣ እንደማይለወጥ በግልጽ ይደነግጋል፤ ይህም እዚህ ለሚኖረው ዜጋም ጭምር የሚሠራ ነው። «ሽያጭ» ብሎ የተጻፈው ውል፣ ምንም ያህል ምስክር ቢፈርምበት፣ ሲከራከሩ አይጠቅምዎትም። የማውቀው አንድ ጎልማሳ የብዙ ዓመት ቁጠባውን በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አውጥቶ፣ አጥር አጥሮና ጉድጓድ አስቆፍሮ ከጨረሰ በኋላ የባለይዞታው ልጆች መሬቱን ተከራክረው ወስደውበታል። ሕጋዊው መንገድ ውርስ ወይም ከቤተሰብ የሚገኝ ስጦታ ነው፤ ካልሆነም ባለይዞታውን ከመሬቱ በማያፈናቅል መጠን የሚደረግ ኪራይ ነው። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 በ2016 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ስለተተካ፣ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው፣ የኪራዩን ዘመንና የምዝገባውን ሥርዓት ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው ይረዱ። የባለይዞታውን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በዓይንዎ ይዩ፤ የባልና የሚስት ስም በደብተሩ ላይ ካለ ሁለቱም መፈረም እንዳለባቸው አይርሱ።

ጥያቄ፦ ለሁለት አዛውንት ምን ያህል መሬት ይበቃል?

መልስ፦ አንድ ጥማድ፣ ማለትም ወደ 2500 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ከበቂ በላይ ነው። እኔና ባለቤቴ በእጃችን የምንሠራው ከዚያም ያንሳል፤ የቀረውን ጎረቤታችን የእኩል ያርሰዋል።

ጥያቄ፦ እርስዎ ባለሙያ ስለሆኑ ስህተት አይገጥምዎትም፤ እኛ ግን ምንም አናውቅም። መሬቱ ጥሩ መሆኑን እንዴት እንለያለን?

መልስ፦ ባለሙያነቴ ከስህተት አላዳነኝም፤ የደረሰብኝንም በዝርዝር እነግራችኋለሁ። መሬቱን መጀመሪያ የለካሁት በሚያዝያ ነበር። የታችኛው ክፍል መረሬ፣ ማለትም ውኃ የሚይዝ ጥቁር የሸክላ አፈር መሆኑን ከመሰነጣጠቁ አውቄአለሁ፤ ነገር ግን ቦታው ዘንበል ያለ ስለመሰለኝ ውኃው ራሱ ይወርዳል ብዬ ገመትኩና በሐምሌ መጀመሪያ 40 የኮክ፣ የፕሪምና የአፕል ችግኝ ተከልኩበት። በነሐሴ አጋማሽ ቅጠሎቹ ከታች ወደ ላይ ቢጫ መሆን ጀመሩ። ባለቤቴ አንዱን ችግኝ በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ ብታደርገው ያለ ምንም ትግል ወጣ፤ ሥሩ ጠቁሯል፣ ቅርፊቱ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተንሸራቶ በእጇ ቀረ፣ ጉድጓዱም የረጋ ኩሬ ይሸት ነበር። ከ40ዎቹ የተረፉት 7 ብቻ ናቸው፤ እነርሱም በአጋጣሚ ከምስጥ ኩይሳ ፍራሽ ላይ፣ ከፍ ካለው ቦታ የተተከሉት ናቸው።

ስለዚህ ማንኛውንም መሬት አንድ ሙሉ ክረምት ሳታዩት ዛፍ አትትከሉበት ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። በነሐሴ ዝናብ ባባራ በማግስቱ ጠዋት ቦት ጫማ አድርጋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሱበት፤ ውኃ የት እንደሚያድር፣ ጎርፍ ከማን ማሳ እንደሚገባ፣ የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደሚደርቅ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ክረምቱን መጠበቅ የማይችል ሰው ቢያንስ ክንድ ከስንዝር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ይሙላበት፤ ሲሰርግ እንደገና ሞልቶ ይደር፤ ጠዋት ውኃው አሁንም ካለ ያ ቦታ ለፍራፍሬ አይሆንም። ቦታውን መጣል ግን አያስፈልግም፤ የማንጣፈፊያ ቦይ አውጥቶ፣ ሰፋፊና ከፍ ያሉ መደቦች ሠርቶ ምስርና ሽምብራ፣ ጤፍም ጭምር ማብቀል ይቻላል። እኛ ዛሬ ዛፎቹን ወደ ቀዩ አፈር አውጥተን በታችኛው ክፍል ይህንኑ እያደረግን ነው። በደጋ ላላችሁ ደግሞ ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ የሚተኛው በዝቅተኛው ቦታ ስለሆነ፣ በነሐሴ ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ወራትም ተነሥታችሁ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ በበጋ ውኃ ከየት እናገኛለን? የቧንቧ ውኃ የለም፤ ወንዙ ሩቅ ነው።

መልስ፦ ከጣሪያችሁ ጀምሩ። በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አካባቢ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ 48000 ሊትር ይሰጣል። ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው። 40 ወጣት ዛፎችን በሳምንት አንድ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብታጠጡ በሳምንት 800 ሊትር ይሄዳል፤ ባለ 10000 ሊትር ሮቶ 12 ሳምንት ገደማ ያደርሳችኋል፤ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ግን ከዚያ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የዛፉን ቁጥር በውኃችሁ ልክ ወስኑ፤ የእያንዳንዱንም ሥር በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ወፈር አድርጋችሁ ጎዝጉዙ። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ይበል፤ አለበለዚያ ምስጥ ይጠራል።

ጥያቄ፦ ለቤት ወጪ የሚሆን ዶሮ ማርባት ያዋጣል?

መልስ፦ የጾሙን አቆጣጠር ለሚያውቅ ሰው ያዋጣል። በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፤ ለፋሲካ ደግሞ ይሻማል። የ45 ቀን ቄብ በታኅሣሥ መጨረሻ ያስገባ ሰው ዶሮዎቹ 5 ወር ገደማ ሲሞላቸው ለፋሲካ አካባቢ መጣል ይጀምሩለታል። በጾሙ ወራት ያስገባ ግን እንዲያው መኖ ሲያበላ ለገበያ ሳይደርስ በዓሉ ያልፈዋል። የዶሮ ትልቁ ጠላት ፈንግል የሚባለው በሽታ ነው፤ አንድ ጊዜ ከገባ በሳምንት ውስጥ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ ነገር ግን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነና ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ስላለበት፣ 15 ዶሮ ያለው ሰው ብቻውን ከመግዛት ከጎረቤቶቹ ጋር ቀን ቆርጦ በአንድ ጠዋት ማስከተብ ይሻለዋል። በእኛ ሰፈር ይህንን በዓመት ብዙ ጊዜ እናደርጋለን፤ ጎረቤትም ያቀራርባል።

ጥያቄ፦ ወገቤን ያመኛል፤ ንብ ማነብ እችላለሁ?

መልስ፦ ቀፎውን ከመረጡ ይችላሉ። ባለ ፍሬሙ ዘመናዊ ቀፎ ብዙ ማር ይሰጣል፤ ነገር ግን በማር የተሞላ ሳጥን ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ማንሣቱ ለወገብ ከባድ ነው። የሽግግር ቀፎ (በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለው) ግን የማር እንጀራውን አንድ በአንድ እያነሡ የሚሠሩበት ስለሆነ፣ በወገብ ከፍታ በቆመ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ጎንበስ ማለትም ሸክምም የለበትም። የመደርደሪያውን እግሮች በአሮጌ የሞተር ዘይት በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ያቁሙ፤ ጉንዳን አይወጣም። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ስላለ ለእኔ ዕድል ሆኖልኛል፤ በየትኛውም ወረዳ ግን የንብ ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል። ከሁሉ አስቀድሞ ከጎረቤቶችዎ ጋር ስለ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ርጭት ይነጋገሩ፤ ንቦች በሚሰማሩበት ረፋድ ሳይሆን አመሻሽ ላይ እንዲረጩ መስማማት ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ቀፎውን አመሻሽ ላይ በኩበት ጭስ ለመክፈት በሚዘጋጁበት ጊዜ መጀመሪያ ጆሮዎን አስጠግተው ያድምጡ። ድምፃቸው ዝቅ ያለና እኩል ሲሆን ይክፈቱ፤ ጫጫታው ከፍ ዝቅ ሲል ለሌላ ቀን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ሕልሙ የባለቤቴ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ከልጆቼ፣ ከእድሬና ከሐኪሜ መራቅ ያስፈራኛል። ስገልጽለት ግን ቅር ይለዋል።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ባለቤትዎም ሊሰማው ይገባል። የብዙዎች እርሻ የሚፈርሰው በአፈርና በውኃ ምክንያት ሳይሆን አንደኛው ወገን ሳይወድ በመሄዱ ነው። የከተማውን ቤት አትሽጡ፣ አታከራዩ። አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑድን ብቻ፣ በክረምት ደግሞ ሁለት ሳምንት አድራችሁ ሞክሩት። ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ነሐሴ ላይ መኪና መግባት መቻሉን፣ የመድኃኒትዎ ዓይነት በቅርብ ከተማ መኖሩን ራስዎ ያረጋግጡ። እኔና ባለቤቴ እስከ ዛሬ የአዲስ አበባውን እድር አልተውንም፤ በአካባቢው እድርም ገብተናል። ከዚያ በኋላም ልብዎ እምቢ ካለ፣ እርስዎ በከተማ፣ እርሱ በሳምንት ሦስት ቀን በእርሻው የሚሆንበት ኑሮ ነውር የለበትም። እንዲህ ሆነው ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ባልና ሚስት ጎረቤቶች አሉን።

ጥያቄ፦ መሬቱ የቤተሰብ ነው፤ ያለፈውን ክረምት አይቼዋለሁ፤ ውኃ አይዝም። አሁን ግንቦት ነው። ነገ ጠዋት ምን ልጀምር?

መልስ፦ ጉድጓድ ይቆፍሩ። ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ይከምሩ፤ ፀሐይና የመጀመሪያው ዝናብ ያግኙት። በቀን ከሁለት ጉድጓድ አይለፉ፤ ጠዋት በቅዝቃዜው ሠርተው በረፋዱ ይረፉ። ሰኔ አጋማሽ ላይ የላይኛውን አፈር ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ቀላቅለው ይመልሱ፤ መሐሉን ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ዝናቡ አፈሩን አርሶ ሲጨርስ፣ በሐምሌ መጀመሪያ፣ የተዳቀለበትን ቋጠሮ ከአፈር በላይ አድርገው ይትከሉ።