ጥያቄና መልስ፦ የእናቴ መርሳት የእርጅና ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ስኳር ስላለባት ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመረች ከ10 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ለጨጓራዋም ኦሜፕራዞል ትውጣለች። ጾም አታስታጉልም። ከጥቂት ወራት ወዲህ አንዱን ጥያቄ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ በቅርቡም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገዱ ጠፍቶባት ጎረቤት ይዟት መጣ። ዘመድ ሁሉ «ጃጅታ ነው» ይለኛል። ሐኪም ጋ ብወስዳት ጥቅም አለው?
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አለው፤ አይዘግዩ። የሰው ስም ጠፍቶ ኋላ ትዝ ቢል፣ መነጽር ያስቀመጡበት ቢረሳ የዕድሜ ነው። ዘመን የተመላለሱበት መንገድ ሲጠፋ ግን ዕድሜ ብቻውን ይህን አያደርግም።

ከመርሳት በሽታዎች ከ60 እስከ 70 በመቶው አልዛይመር ነው፤ እስካሁንም ፈውስ የለውም። «እሱ ነው» ከመባሉ በፊት ግን ሊታከሙ የሚችሉት ምክንያቶች መጣራት አለባቸው። በእናትዎ ሁኔታ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ነው። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው፤ ሽሮም ሆነ ጎመን የለውም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጾም ብቻውን እዚህ አያደርስ ይሆናል። ክፋቱ መደራረቡ ነው፦ ሜትፎርሚን አንጀት ቢ12ን የመሳብ አቅሙን ይቀንስበታል፤ ኦሜፕራዞል ደግሞ ቫይታሚኑን ከምግቡ ለማላቀቅ የሚያስፈልገውን የጨጓራ አሲድ ያሳንሳል። እግሯን ያደነዝዛት እንደሆነ፣ ስትራመድ ትንገዳገድ እንደሆነ ይጠይቋት። መደንዘዙ በስኳሩ ተሳቦ በቀላሉ ይታለፋል። ደም ማነስ ተገኝቶባት ፎሊክ አሲድ ብቻ ቢሰጣት ደሟ ሊስተካከል ይችላል፤ የነርቩ ጉዳት ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

ስለዚህ ከቢ12 ጋር የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የኩላሊት፣ የሶዲየም፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ይጠይቁ። ባለፉት ሳምንታት ወድቃ ከነበረ፣ ጭንቅላቷን የመታት ቀላል ቢመስልም፣ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከራስ ቅል ሥር ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም በሲቲ ስካን ይታያል፣ በቀዶ ሕክምናም ይወጣል። የምትውጣቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የጉንፋኑንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። አሚትሪፕቲሊን፣ ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን የአረጋውያንን አእምሮ ያደበዝዛሉ። በራስዎ ግን አንዱንም አያቋርጡ።

አንድ ነገር ይለዩ፦ መዘባረቁ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከመጣ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ያኑ ዕለት ወደ ሕክምና ነው።

ጥያቄ፦ አባባ የመርሳት ምርመራ ሲደረግለት ያስተረጎምኩለት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ውጤቱ ዝቅተኛ ነው አለች። ቤት ደግሞ «ገንዘቤን ሰረቃችሁኝ» እያለ ልጆቹን ያስለቅሳል።
አንባቢ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ምርመራው በባለሙያ አስተርጓሚ ይደገም። ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅ ሲያስተረጉም ሳያውቀው ጥያቄውን ያቀልላል ወይም የአባቱን መልስ ያቃናል። በዚያ ላይ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት መቀነስ፣ ሰዓት መሣል የመሳሰሉት ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየን ሰው ያለ በሽታው ይጥሉታል። ከነጥቡ ይልቅ የእርስዎ ቃል ይጠቅማል፦ ዓምና ያለ ረዳት ይሠራው የነበረ፣ ዘንድሮ ያቃተው ምንድን ነው? ጽፈው ይዘው ይሂዱ።

ስለ ስርቆቱ አይከራከሩት። ራሱ ደብቆ መደበቁን ይረሳል፤ «የሰረቀኝ አለ» የሚለው ለባዶው ኪስ የሚያገኘው ማብራሪያ ነው። «ና አባባ፣ አብረን እንፈልገው» ይበሉትና ዝርዝር ብር ያለበት ተመሳሳይ ቦርሳ አዘጋጅተው ያኑሩ። መደበቂያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እነዚያው ናቸው፦ ትራስ ሥር፣ ካልሲ ውስጥ፣ ጋቢ መሃል። ልጆቹንም የሚናገረው በሽታው መሆኑን በግልጽ ያስረዷቸው።

ጥያቄ፦ ከዛፍ ቅጠል የሚሠራው የጊንኮ ኪኒን ከመርሳት ይከላከላል?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይከላከልም። አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ አረጋውያን በቀን ሁለት ጊዜ 120 ሚሊግራም ወይም ባዶ ኪኒን እየወሰዱ ለዓመታት ተከታትለው፣ በ2008 ይፋ የሆነው ውጤት ልዩነት አላሳየም። ከአስፕሪን ወይም ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ ደግሞ የመድማት አደጋ አለው።

ጥያቄ፦ 44 ዓመቴ ነው። ፋርማሲ ስለካ ግፊቴ 148/92 ሆነ፤ ምንም አያመኝም። ይህ ከአእምሮ ጋር ምን ያገናኘዋል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በእጅጉ ይገናኛል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 ሊለወጡ የሚችሉ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ ሁሉም ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። የመስማት ችግር፣ ስኳር፣ ሲጋራና ብቸኝነት ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። እኛ ግን ግፊትን እናስቀድማለን፤ መለካቱ ቀላል፣ መድኃኒቱም የሚገኝ ነውና። ከፍ ያለ ግፊት የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች እያደነደነ ለዓመታት ያለ ሕመም ይጎዳል። ኮሚሽኑ ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የላይኛው ቁጥር 130 ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይመክራል።

በአንድ ልኬት አይወሰንም። ከመለካትዎ 30 ደቂቃ በፊት ቡና ይተዉ፤ ሽንትዎን ይሽኑ፤ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ መጠቅለያው በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር። ከጠበበ ቁጥሩ ያለአግባብ ከፍ ይላል። በደቂቃ ልዩነት ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን ይለኩና የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሩትን አማካይ ለሐኪም ያሳዩ። መድኃኒት ከታዘዘልዎ ግፊቱ ሲወርድ «ዳንኩ» ብለው አያቁሙ፤ የወረደው ኪኒኑ ስለሚሠራ ነው።