የሕፃናት የራስ ማሰሪያ ላስቲክ ለምን ይጠብባል፣ ለምን ይወልቃል?

«በዕድሜ ለይቼ የምሸጠው የሕፃናት የራስ ማሰሪያ ግማሹ ጠበበ፣ ግማሹ ወለቀ እየተባለ ይመለስብኛል» ላልሽው፦ በዕድሜ መሸጡን ተይውና በራስ ዙሪያ ሽጪ። ዓመት የሞላቸው የሁለት ልጆች ራስ ዙሪያ በ3 ሳንቲ ሜትር ሊለያይ ይችላል።

1. ገዢዋ ከቅንድብና ከጆሮ ከፍ አድርጋ፣ ከኋላ ጎላ ባለው ቦታ በኩል በሜትር ትለካና ትላክልሽ።

2. ለስላሳ ላስቲክ ከሆነ ከዙሪያው 2 ሳንቲ ሜትር ቀንሺ፤ ለስፌት ደግሞ ከየጫፉ 1 ጨምሪ። ዙሪያው 43 ከሆነ 43 ትቆርጫለሽ፣ ተሰፍቶ ሲያልቅ 41 ይሆናል። ደረቅ ላስቲክ ከሆነ 1 ብቻ መቀነስ ይበቃል።

3. በዚግዛግ ስፊው። ቀጥ ያለ ስፌት ላስቲኩ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል።

ልኬትሽ ትክክል ሆኖም የሚጠብ ካለ ጥቅልሉን ተመልከቺ። ላስቲክ ተወጥሮ ነው የሚጠቀለለው፤ እንደፈታሽው ወዲያው ከቆረጥሽው፣ በኋላ ይሰበሰባል። የሚበቃሽን ያህል ፈትተሽ ሳትወጥሪ አሳድሪውና በማግስቱ ለክተሽ ቁረጪ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ዶቃ፣ ቁልፍም ሆነ ዕንቁ አታድርጊ። በሙጫ የተለጠፈ ሲታጠብና ሙቀት ሲያገኘው ይለቃል፤ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ወደ አፉ ነው የሚወስደው። አበባውን ከዚያው ከጨርቁ ሥሪና በመርፌ አጥብቀሽ ስፊው፤ ጎትተሽ ሳትፈትሺ አታሽጊ። ማሸጊያው ላይም «ሲተኛ ይውለቅ» ብለሽ ጻፊ፤ ተንሸራቶ አፍንጫና አንገት ላይ ይወርዳል።