አንድ ቀን በአዲስ አበባ፦ ምን ልግዛ? የት ልብላ?

በዓልና ሠርግ ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አዲስ አበባ የምቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ገበያውንም ምግቡንም እንዴት ላድርገው የሚሉ ናቸው። የዛሬዎቹ እነሆ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። እረፍቴን ጨርሼ ሐሙስ ከሰዓት ከደሴ አዲስ አበባ እገባለሁ። በረራዬ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አርብ ዕለት ቅመም ከመርካቶ፣ ጓደኞቼ ያዘዙኝን ነጠላ ከሽሮ ሜዳ ገዝቼ ማታ ክትፎ ልብላ ብያለሁ። ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል እህቴ፣ ግን ክትፎውን ሐሙስ ማታ ብዪው። አርብ ጾም ነው፤ ብዙ ቤት የፍስክ አይሠራም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ጊዜ ከሆነ ግን ችግር የለም፣ አርብም ይበላል።

መርካቶን በጠዋት ጨርሺው። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ብዙ ነጋዴዎች ለጁምዓ ሱቃቸውን ይዘጋሉ። በአንዋር መስጊድ ዙሪያ መንገዱ በሰጋጅ ይሞላል። እኔ አንዴ ይህን ረስቼ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩና ከተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ ጠብቄአለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ብትሆኚ ኮረሪማውንም ጥቁር አዝሙዱንም አሽትተሽ፣ ቀምሰሽ፣ ሳትጣደፊ ትገዣለሽ። ስልክሽን ግን በእጅሽ ይዘሽ አትዙሪ።

የገዛሽውን ተሸክመሽ ሽሮ ሜዳ እንዳትሄጂ። ራይድ ጥሪና ዕቃውን ማረፊያሽ አድርሺ፤ እዚያው አካባቢ ምሳሽን በየዓይነቱ ብዪ። በጾም ቀን በየዓይነቱ ይጥማል። የሚበላው ሰው ብዙ ስለሆነ ምስሩም፣ ክኩም፣ ጎመኑም፣ ሱፍ ፍትፍቱም የዕለቱ ነው።

ከዚያ በስድስት ኪሎ አድርገሽ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሽሮ ሜዳ ውጪ። ጨርቅ የሚታየው በፀሐይ ብርሃን ነውና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨርሺ። ሌላ ሦስተኛ ገበያ አትጨምሪ፤ ለአንድ ቀን ሁለቱም ብዙ ነው። ሐሙስን ለገበያ ማድረግ ብትችዪ ደግሞ የበለጠ ይመችሽ ነበር። ቅዳሜ ግፊያ ነው፣ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው።

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ ሁሉም ሻጭ «የእጅ ሥራ ነው» ይላል። በምን ልለየው?

መልስ፦ ከሱቁ ደጃፍ ውጡና ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩት። የእጅ ፈትል አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም። አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ቀጠን ይላል። የፋብሪካ ክር ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ብዙ ሸማኔዎች ድሩን የፋብሪካ፣ ማጉን የእጅ ፈትል ያደርጋሉ። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሻጩ ከነገራችሁና ዋጋውም እንደዚያው ከሆነ ምንም ነውር የለውም። ቀጥሎ ድርቡን ቁጠሩ። ነጠላ ሁለት፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው። ጥለቱንም ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ።

አንድ ሸማኔ ጥለት ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ መርገጫውን እያፈራረቀ ይረግጣል። በጣቶቹ ክሩን አንድ አንድ እየቆጠረ ያነሳል። አንድ ክር ተሳሳተበትና ምንም ሳይናገር አራት ጣት የሚያህል ሥራ ፈታ። እንደገና ጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዋጋ ስከራከር እጄ ይከብደኛል። የሽሮ ሜዳና የጉለሌ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ፣ ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ ናቸው። ተከራከሩ፣ ገበያ ነውና ያለ ነው። ግን ጥለቱ ብዙ ቀን የወሰደ መሆኑ እየታያችሁ ዋጋውን በግማሽ አትጥሩት።

ጥያቄ፦ እናቴ ከጎንደር ትመጣለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ግን መርካቶን ሳላይ አልመለስም ብላለች።

መልስ፦ ይዘሃት ሂድ፣ አትከልክላት። አንድ ተራ ብቻ እንድትመርጥ አድርግ። የቤት ዕቃ ከሆነ የቤት ዕቃ፣ ልብስ ከሆነ ልብስ። መኪናው እስከ ተራው አፍ ድረስ ያድርሳችሁ። ባለሱቆቹ ለእናት በርጩማ አይነፍጉም፤ እሷ ተቀምጣ ዕቃው እሷ ዘንድ ይምጣ። ሁለት ሰዓት ይበቃታል።

ጥያቄ፦ በርበሬ የተፈጨ ልግዛ ወይስ ዛላውን? ያለኝ አንድ ቀን ነው።

መልስ፦ ዛላው ይሻላል፣ ግን በአንድ ቀን አይደርስልዎትም። መቀንጠስ አለ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት አለ፣ ከቅመሙ ጋር ማዋሐድ አለ፣ ወፍጮ ቤት አለ። ስለዚህ ከመምጣትዎ በፊት ለአክስት ወይም ለጎረቤት ገንዘብ ልከው ያስዘጋጁ፤ እርስዎ ደርሰው ይረከቡ። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ገበያ ላይ ተይዞ ያውቃል። ስለዚህ የተፈጨ ከሆነ ዘመድዎ ሁልጊዜ ከሚገዛበት ቤት ይግዙ። ሲያሽጉት በሁለት ላስቲክ ያድርጉት፤ ያለበለዚያ ሻንጣው ውስጥ ያለው ልብስ ሁሉ ይሸታል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ለአንድ ቀን እመጣለሁ። ቡና የት ልጠጣ? ለቤትም መውሰድ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ፒያሳ ቶሞካ ግባ። ቤቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ቡናው እንደ ጣሊያኖቹ ልማድ ቆመው የሚጠጡት ስለሆነ ጊዜህን አይበላም። የተቆላም የተፈጨም በፓኬት ይሸጣሉ። የተቆላውን፣ ያልተፈጨውን ውሰድና ቤትህ ፍጨው፤ ሽታው አብሮህ ሐዋሳ ይደርሳል።