ይድረስ በመንደር የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ለምትመሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር ከመካከላችሁ ሁለቱ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ፣ በሱሉልታ ዙሪያ ባሉት መንደሮች አዲስ የጥናት ቡድን ልትጀምሩ ማሰባችሁን ከነገራችሁኝ በኋላ፣ «የትኛውን የማስተማሪያ መጽሐፍ እንግዛ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። ያን ዕለት ቤቴ እንግዳ ስለነበረ የረባ መልስ ሳልሰጣችሁ ሸኘኋችሁ። ጥያቄያችሁ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሠላሳ አራት ዓመት መንገድ ቀያሽ ሆኜ ሠርቼአለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ደግሞ በዚሁ በጎጃም መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ መንደሮች፣ ምሽት ምሽት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስመራ ቆይቻለሁ። አሁን የምጽፍላችሁ ከዚህ ከሁለተኛው ሥራዬ ያገኘሁትን ነው።

መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ማን አጠገባችሁ እንደሚቀመጥ እወቁ። «ደቀ መዝሙር» የሚለውን ቃል ሁላችንም በየጊዜው እንናገረዋለን፤ ቆም ብለን የምናዳምጠው ግን ጥቂቶች ነን። በግእዝ «ደቅ» ልጆች ማለት ነው፤ ደቀ መዝሙርም የመዝሙር ልጅ ነው። አባቶቻችን ይህን ስም ሲሰጡ በዓይናቸው ፊት የነበረው፣ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ዳዊቱን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ የሚይዝ፣ ከመምህሩም ጋር ውሎ አድሮ ጠባዩን የሚማር ተማሪ ነበር። ትምህርቱ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮም ወደ ኑሮ የሚሄድ ነበር እንጂ በወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ሞልቶ የሚያልቅ አልነበረም።

ይህን የተረዳሁት ሰው አስቀይሜ ነው። ጥናቱን በጀመርሁበት ዓመት፣ ሁሉም በየተራው ሁለት ሁለት ቁጥር እንዲያነብ አደርግ ነበር፤ በዚህም ሁሉን እኩል ያሳተፍሁ ይመስለኝ ነበር። ከእኛ ጋር ወተት እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ፣ ከሁላችንም ይልቅ ጥርት ባለ ድምፅ ያነቡ ነበር። አንድ ምሽት፣ አስቀድመን የተቀጣጠርንበትን የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ ትቼ፣ የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 እንድናነብ አደረግሁ። የእኚህ እናት ተራ ሲደርስ ጣታቸው መስመሩ ላይ እንደ ቆመ ቀረ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ቦታው የጠፋባቸው መስሎኝ «እማማ፣ ቁጥር አራት ላይ ነን» ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ደገምሁላቸው። መጽሐፉን ቀስ ብለው አጠፉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጡም፤ በሌላውም ሳምንት እንዲሁ።

ከወራት በኋላ ነገሩን የልጅ ልጃቸው አስረዳኝ። ፊደል አልቆጠሩም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሳምንቱን ክፍል ያነብላቸው ነበር፤ እሳቸውም ላሚቱን ሲያልቡ፣ ኩበት ሲጠፈጥፉ እየደገሙ፣ ተራቸው በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚውል ስለማያውቁ ምዕራፉን በሙሉ በቃላቸው ይይዙት ነበር። ከጎናቸው ያለው ሰው ካቆመበት የሚቀጥሉትም በጆሯቸው ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ የስሙ ባለቤት የሆነ ደቀ መዝሙር እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያሳፈርኋቸውም እኔው፣ መሪ የተባልሁት ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ስሄድ እንጀራ እየጋገሩ አገኘኋቸው። ብዙ አላናገሩኝም። ምጣዱን ከድነው፣ «የዚያን ዕለቱን እስቲ ጨርስልኝ፣ ልጄ፤ የሠራተኞቹ ደመወዝ ምን ሆነ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንንም በየተራ አላስነበብሁም። ጥሩ ድምፅ ያለው አንድ ሰው ክፍሉን ሁለት ጊዜ፣ ሳይቸኩል ያነባል፤ ከዚያም አንዱ የሰማውን በራሱ አነጋገር ይተርካል፤ የቀረውንም ሌሎቹ ይሞሉለታል። የምታነቡት ክፍል አንድ ሰው ሰምቶ ሊተርከው ከሚችለው በላይ አይርዘም። የማርቆስ ወንጌል ለዚህ የተመቸ ነው፤ ታሪኮቹ አጫጭር ናቸው፤ የምዕራፍ 4ን የዘሪ ምሳሌ ደግሞ በእጁ ዘር የበተነ ገበሬ ከእናንተ በላይ ይተነትንላችኋል። እናንተ ስለ ጭንጫ መሬት ለማስረዳት ስትጥሩ እሱ የትኛው ማሳ እንደሆነ በጣቱ ያሳያችኋል።

የቡድኑ ቁጥር ማነሱ አያሳዝናችሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የአገራችን ሰው የሆነው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ፣ ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ጠየቀው፤ እሱም መሪ እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረና አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ያነበቡትም ጥቂት መስመር ነበር። እኔ ራሴ ክርስትናን የተማርሁት በእንዲህ ዓይነት ጉባኤ ነው። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበርሁ። ያን ጊዜ የምንሰበሰበው ኮተቤ በሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ፣ ስድስት ወይም ሰባት ሆነን ነበር። የተደረደረ ጫማ ደጅ ላይ እንዳይታይ ጫማችንን ይዘን ወደ ውስጥ እንገባ ነበር፤ መዝሙሩን በሹክሹክታ እንዘምራለን፤ ስንወጣም አንድ በአንድ፣ በየአሥር ደቂቃው ነበር። መጽሐፍ ቅዱሱ አንድ ስለነበረ ሳምንቱን ሙሉ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞር ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት አባላት፣ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ቀደም ብሎም በወላይታ እንዲሁ ሆኗል፤ በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚስዮናውያኑ ሲወጡ ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ፤ ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ግን በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ጠበቋቸው። ይህን የማነሣው መከራው ይመለስ ብዬ አይደለም፤ ያንን ዘመን ያየ ሰው እንዲህ ብሎ አይመኝም። መድረክና የድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ጊዜ ሥራውን የሠሩት ተራ ሰዎች፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀምጠው እንደነበረ እንድታውቁ ነው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበላችሁ። በእኛ አካባቢ በገበያና በጽሕፈት ቤት አማርኛ የሚናገር ብዙ ሰው፣ ሲያለቅስና ሲጸልይ በኦሮምኛ ነው። ለዓመታት ሁሉን ነገር በአማርኛ ብቻ አካሄድሁ፤ እናቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቁልኝ ስለነበር የገባቸው ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጐሙት ኦኔሲሞስ ነሲብና አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖ ሁለቱም የባርነትን ቀንበር ቀምሰው ነጻ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ያን ሁሉ ድካም የደከሙትም ወገኖቻቸው ቃሉን በገዛ አንደበታቸው እንዲሰሙ ነው። ያ ትርጉም የታተመው በእኛው ፊደል ነበር፤ የዛሬ ልጆች የሚያነቡት ደግሞ በቁቤ ነው። ስለዚህ በአሁኑ ቡድናችን አያት በፊደል፣ የልጅ ልጅ በቁቤ፣ ያንኑ አንድ ክፍል ተራ በተራ ያሰሙናል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ሁለት ጊዜ መስማት ለሁላችንም በጅቶናል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጥብኝ ነገር ልምጣ። ጥናት የሚመዘነው በስብሰባው ሞቅታ አይደለም፤ ሰዎቹ በማግስቱ በሚያደርጉት ነገር ነው። አንድ ጊዜ ዘዳግም 19፥14ን አነበብን፤ የባልንጀራህን የድንበር ምልክት አትንቀል የሚለውን። እኔም የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ ስለ ችካልና ስለ ልኬት ብዙ አወራሁ። ከተማዋ ወደ እኛ እየቀረበች፣ የመሬት ዋጋና የካሳ ወሬ በየቤቱ በገባበት ሰሞን ስለነበር ነገሩ ቀላል አልነበረም። አንድ ጠና ያሉ ገበሬ ከአፋቸው አንዲት ቃል ሳትወጣ አምሽተው ሄዱ፤ እኔም አልተዋጠላቸውም አልሁ። በክረምቱ መግቢያ የማሳ ጎረቤታቸው መንገድ ላይ አስቆመኝና፣ «ዘንድሮ ሲያርስ ሦስት ፈር ለቀቀልኝ። እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረኝ» አለኝ። በየዓመቱ አንድ አንድ ፈር እየተባለ ድንበር እንዴት እንደሚገፋ ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም በሙያዬ ብዙ አይቻለሁ። የተገፋ ድንበር ያለ ዳኛና ያለ ሽማግሌ ሲመለስ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስብሰባችሁን «ባለፈው ከሰማነው ምን አደረግንበት?» በሚል ጥያቄ ጀምሩ፤ መልሱን ግን ከማንም አትጭመቁ። ወተቱን በውኃ ያቀጠነ፣ የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ ያዘገየ ሰው፣ ጥፋቱን በእናንተ ፊት ካልተናዘዘ አልተመለሰም ማለት አይደለም። በጥናቱ ላይ የተነገረ ምስጢርም በማግስቱ ቦኖ ላይ ከተሰማ ያ ቡድን አበቃለት፤ በመንደር ውስጥ አመኔታ አንድ ጊዜ ከወጣ አይመለስም።

ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችሁ ጋር በፍቅር ኑሩ። ከእድር አትውጡ፤ መቃብር ቁፋሮ ላይ ቀድማችሁ ተገኙ፤ በጾም ቀን እንግዳ ስትጠሩ የጾም ምግብ አቅርቡ። እነሱ በየወሩ ጽዋ ሲጠጡ አብሮ መብላትንና የተቸገረን መጠየቅን ከእኛ ቀድመው ያውቁት ነበር። በዓል ሆኖ ጎረቤት ሁሉ ከእርሻ በሚያርፍበት ቀን እናንተም ብትሰበሰቡ መልካም ነው፤ ድርቆሽ በሚታጨድበትና በሚከመርበት ሰሞን ግን ሰዉን አታስጨንቁ፤ እናንተም ማጭድ ይዛችሁ ሂዱ።

በስልክ የምታዩአቸውን ሰባኪዎች በሙሉ አልነቅፍም። ነገር ግን ቅባትና ትንቢት በገንዘብ ሲሸጥ፣ ላሟን ሸጣ የላከች እናት አውቃለሁና ዝም ማለት አይቻለኝም። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን እንኳ ሰምተው ነገሩ እንዲህ እንደሆነ በየዕለቱ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ መንደራችሁን ይህን ልማድ አስለምዱት።

በመጨረሻም መሪነቱን ቶሎ አስረክቡ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ፣ የሰማውን ሌሎችን ሊያስተምሩ ለሚችሉ ለታመኑ ሰዎች አደራ እንዲሰጥ ጽፎለታል፤ እኔ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከእጄ አልለቀቅሁትም፤ ታምሜ በተኛሁ ጊዜም ጥናቱ ለሁለት ወር ተቋረጠ። አሁን የሚመራው አንድ ልብስ ሰፊ ወጣት ነው፤ እኔ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ጊዜ የክፍሉ ዋና ነገር ሲያልፈው አያለሁ፤ ልናገር ብዬ አፌን እከፍትና እዘጋለሁ። አቦሉ ይጠጣል፣ ቶናው ይጠጣል። በረካው ከመቀዳቱ በፊት ብዙ ጊዜ ያን ያለፈውን ነገር ከእናቶቹ አንዷ ታነሣዋለች፤ ልጁም መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጎ እንደገና ያነብበዋል።